ቶቦልስክን ስትጎበኙ ከደወሉ ጀምሩ

ሳይቤሪያ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን በረዶ፣ ጫካና ማለቂያ የሌለው የባቡር ሐዲድ ነው። ቶቦልስክ ግን ከተማ ናት። ያውም በ1587 የተቆረቆረች አሮጌ ከተማ። (ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ አንዴ ብያለሁ፣ አልደግመውም።) ከመቶ ዓመት በላይ ሩሲያ ሳይቤሪያን የምታስተዳድረው ከዚህ ሆኖ ነበር። ግብሩ፣ የእንስሳት ቆዳው፣ ወደ ቻይና የሚሄደው መልእክተኛ፣ በሰንሰለት የሚነዳው እስረኛ፣ ሁሉም በዚች በር ነው ያለፈው።

ዛሬ መቶ ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ጸጥ ያለች ከተማ ናት። ብዙ ጎብኚ ከክልሉ ዋና ከተማ ከትዩሜን በጠዋት መጥቶ፣ ነጩን ግንብ ፎቶ አንስቶ፣ ማታ ይመለሳል። እንደሱ አታድርጉ። ቢያንስ ሁለት ሌሊት እደሩ። ግንቡን ለማየት ግማሽ ቀን ይበቃል፤ ታሪኩ እንዲገባችሁ ግን ላይኛውንም ታችኛውንም ከተማ፣ መቃብሩንም ጭምር በእግር መዞር ያስፈልጋል።

ስትዞሩ ደግሞ በየደረሳችሁበት አንድ ነገር ጠይቁ፦ እዚህ ማን ተገዶ መጣ? ቶቦልስክ የግዞተኞች ከተማ ናት። ጥሩ ጥሩ ሕንጻዎቿን፣ ካርታዎቿንና ትምህርት ቤቶቿን ብታዩ ከጀርባቸው አብዛኛውን ጊዜ ሳይወድ የመጣ ሰው አለ። ይህን ከያዛችሁ አስጎብኚ ባይኖራችሁም አትጠፉም።

መቼ፣ በምን

ከአዲስ አበባ እስከ ሞስኮ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይበራል። ከዚያ ወይ በቀጥታ ወደ ቶቦልስክ ትበራላችሁ (አውሮፕላን ማረፊያው በ2021 ነው የተከፈተው፣ ሬሜዞቭ ይባላል፣ ሰውየውን ወደታች እናገኘዋለን)፣ ወይ ወደ ትዩሜን በርራችሁ የቀረውን 250 ኪሎ ሜትር ገደማ በባቡር ትሄዳላችሁ። ባቡሩ አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ባቡሩ ይሻላል፤ የአገሩን ስፋት ከመስኮት ሳታዩ የግዞትን ነገር መረዳት ይከብዳል። የባቡር ጣቢያው ከመሃል ከተማ ራቅ ስለሚል ከዚያ በታክሲ ግቡ።

ሞስኮና አዲስ አበባ ሰዓታቸው አንድ ነው። ቶቦልስክ በሁለት ሰዓት ትቀድማለች። አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን እዚያ ስምንት ሰዓት ነው፣ የእነሱ ሰዓት ግን 14:00 ይላል። የባቡር ቲኬት ስታነቡ ይህን እንዳትረሱ።

ገንዘብ ላይ ተጠንቀቁ። ከሩሲያ ውጭ የወጣ ቪዛም ሆነ ማስተርካርድ ከ2022 ወዲህ እዚያ አይሠራም። ስለዚህ ያልተቀደደ፣ ያልቆሸሸ ዶላር ወይም ዩሮ ይዛችሁ ሞስኮ ላይ መንዝሩ። ድንበር ላይ የምትሰጣችሁን ትንሽ ወረቀት፣ ሚግራሲዮናያ ካርታ የሚሏትን፣ እንደ ፓስፖርታችሁ ጠብቋት፤ ሆቴሉ ሲመዘግባችሁ ይጠይቃችኋል። ከዩክሬኑ ጦርነት ወዲህ አየር ማረፊያዎች በድንገት ለሰዓታት የሚዘጉበት ጊዜ ስላለ፣ የአገር ውስጡን በረራና ወደ ቤት የሚመልሳችሁን በረራ በአንድ ቀን አታጣብቁ።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ቢሄድ ጥሩ ነው። በሰኔ ቀኑ በጣም ረጅም ነው፤ እራት በልታችሁም ሰዓታት የሚቆይ ብርሃን አለ። መጥፎው ነገር ትንኝ ነው። ከትንኙ የባሰው ደግሞ መዥገር ነው፤ በፀደይና በበጋ መጀመሪያ ሳሩ ውስጥ አለ፣ የአንጎል መቆጣት የሚያመጣ ቫይረስም ሊያስተላልፍ ይችላል። ጫካ የምትገቡ ከሆነ አስቀድማችሁ ስለ ክትባቱ ሐኪም ጠይቁ፣ ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ አስገቡ፣ ማታ ገላችሁን ፈትሹ።

ክረምታቸው ሌላ ዓለም ነው። በጥር ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የተለመደ ነው፣ 40 የሚደርስበትም ጊዜ አለ። የስልክ ባትሪ ኪስ ውስጥ እያለ ይሞታል። ግን ለኦርቶዶክስ አንባቢ የጥር አንድ ማባበያ አለ፦ የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን በአሮጌው አቆጣጠር ስለምትሄድ ገናም ጥምቀትም አብዛኛውን ጊዜ ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ይውላሉ፣ ጥር 7 እና ጥር 19። በጥምቀት በረዶውን በመስቀል ቅርጽ ቆርጠው ውኃው ውስጥ ይጠልቃሉ። ቆማችሁ ማየት ይበቃል፣ ማንም አያስገድዳችሁም።

ለመነሻ የሚሆን ታሪክ

መጽሐፍ ማንበብ አያስፈልግም፣ ይህቺን ብቻ ያዙ። ሩሲያውያን ከመምጣታቸው በፊት አገሩ የሳይቤሪያ ታታሮች ነበር። ንጉሣቸው ኩቹም ካን ይባላል፣ መናገሻው ኢስከር ወይም ሲቢር የምትባል ምሽግ ነበረች፤ ሳይቤሪያ የሚለው ስምም ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው። በ1582 የርማክ የሚባል የኮሳክ አለቃ በሀብታም የጨው ነጋዴዎች ድጋፍ ኡራልን ተሻግሮ መጣና ያዛት። ኩቹም ግን እጁን አልሰጠም። በ1585 የርማክን በሌሊት ከበቡት፣ የርማክም ሲሸሽ ውኃ ውስጥ ሰጠመ። ሩሲያውያን ተመልሰው መጡ፤ በ1587 ዳኒላ ቹልኮቭ የሚባል ሹም ከኢስከር ብዙም ሳይርቅ፣ የቶቦል ወንዝ ከኢርቲሽ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ የእንጨት ምሽግ ሠራ። ቶቦልስክ እሷ ናት።

በላይኛው ከተማ የርማክ የእብነበረድ ሐውልት አለው፣ በ1839 የቆመ። ፊቱ ቆማችሁ የታችኛውን ከተማ ታታሮች አስቧቸው። እነሱ የዚያው የተሸነፈው ሕዝብ ልጆች ናቸው፤ ዛሬም እዚያው ይኖራሉ፣ መስጊዳቸውም ከቀይ ጡብ የተሠራ ነው። የኢስከርን ፍርስራሽ ለማየት የምትጓጉ ካላችሁ ብዙ አትጠብቁ፣ አብዛኛውን ኢርቲሽ እየሸረሸረ ወስዶታል።

ላይኛው ከተማ

ከተማዋ ሁለት ናት። አንዷ ገደሉ አናት ላይ፣ አንዷ ከሥሩ ወንዙ ዳር። ክሬምሊኑ፣ ማለትም የከተማዋ ምሽግ፣ ያለው ላይ ነው፤ በሳይቤሪያ በድንጋይ የተሠራው ክሬምሊን እሱ ብቻ ነው። ጠዋት ገና ሰው ሳይበዛ ግቡ።

ሁሉም ሰው በቀጥታ ወደ ካቴድራሉ ይሮጣል። እናንተ መጀመሪያ የኡግሊች ደወልን ጠይቁ። ነገሩ እንዲህ ነው። በ1591 በቮልጋ ዳር ባለችው ኡግሊች የኢቫን አስፈሪው ትንሹ ልጅ ድሚትሪ በስምንት ዓመቱ ጉሮሮው ተቆርጦ ተገኘ። ደወል ተደወለ፣ ሕዝቡ ወጣ፣ ገዳይ ናቸው ያላቸውን ሰዎች እዚያው ገደለ። በዚያን ጊዜ በዙፋኑ ላይ የኢቫን ሌላ ልጅ ቢቀመጥም ሥልጣኑ በቦሪስ ጎዱኖቭ እጅ ነበር። ከሞስኮ ፍርድ መጣ። ብዙ ሰው ተገደለ፣ ብዙ ሰው ተጋዘ። ደወሉም ተፈረደበት! ከማማው አወረዱት፣ ምላሱን ነቀሉት፣ ማንጠልጠያ ጆሮውን ቆረጡት፣ በአደባባይ ገረፉት፣ ከዚያም ወደ ሳይቤሪያ ላኩት። በ1593 ቶቦልስክ ገባ። ወደ አገሩ የተመለሰው በ1892 ነው፤ ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር። ዛሬ ቶቦልስክ ያለው ቅጂው ነው። የሙዚየሙን ሠራተኞች የት እንዳለ ጠይቋቸው፣ ደስ ብሏቸው ያሳዩአችኋል።

የሳይቤሪያ የመጀመሪያው ግዞተኛ ይህ ደወል ነው ይላሉ። ለዚህ ነው ከሱ ጀምሩ የምለው። አንድ መንግሥት ናስ ገርፎ የሚያግዝ ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ የምትሰሙት የሰው ታሪክ ብዙ አያስደንቃችሁም።

አሁን ወደ ካቴድራሉ። የቅድስት ሶፊያ ካቴድራል የተሠራው ከ1683 እስከ 1686 ነው፣ በሳይቤሪያ የመጀመሪያው የድንጋይ ካቴድራል ነው። አምስት ጉልላት አለው፣ ግድግዳው ነጭ፣ ጉልላቱ ሰማያዊ። የሚሠራ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ሥርዓቱን አክብሩ። ሴቶች ነጠላ ወይም ሻሽ ያዙ፣ ወንዶች ኮፍያ አውልቁ። ጫማ ግን አይወለቅም፤ በር ላይ ጎንበስ ብላችሁ ክር መፍታት ብትጀምሩ ግራ ይጋባሉ። ሻማ ገዝቶ መለኮስ፣ ቆሞ መጸለይ ይቻላል። ቁርባን ግን የእነሱ ቤተ ክርስቲያንና ተዋሕዶ በቁርባን አንድ ስላልሆኑ አይሆንም፣ ስለዚህ ሰልፉን ተከትላችሁ አትሂዱ።

ቀጥሎ ሬንቴሬያ የሚሏት ሕንጻ። በክሬምሊኑ ጫፍ፣ ወደ ታችኛው ከተማ በሚወርደው መንገድ ላይ እንደ ድልድይ ተደግፋ የቆመች ናት፣ መንገዱ ከሥሯ ያልፋል። ንድፉን ያወጣው ሴሚዮን ሬሜዞቭ ነው፣ ያ የአውሮፕላን ማረፊያው ባለስም። ቶቦልስክ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ ካርታ ያነሳል፣ ይስላል፣ ታሪክ ይጽፋል፣ ሕንጻ ይነድፋል። በ1701 የሳይቤሪያን የካርታ መድበል ጨርሷል። ካርታዎቹን ስታዩ ደቡብ ላይ፣ ሰሜን ታች ነው፤ ወረቀቱን ገልብጣችሁ ስትመለከቱ ነው ወንዞቹ የሚገቡላችሁ። ሙዚየሙ ውስጥ ቅጂዎቹ ፊት ጊዜ ወስዳችሁ ቁሙ። ሳተላይት በሌለበት፣ በነጋዴና በአዳኝ ወሬ ላይ ተመሥርቶ ይህን ሁሉ አገር ወረቀት ላይ ማስፈር ቀልድ አይደለም።

የሬንቴሬያን ድንጋይ ያነሱት ግን ስዊድናውያን ናቸው። በ1709 ታላቁ ጴጥሮስ በፖልታቫ የስዊድንን ጦር ሲሰብር ብዙ ሺህ ሰው ተማረከ፣ ከእነሱም ብዙዎቹ መኮንኖች ቶቦልስክ ተላኩ። እዚህ ትምህርት ቤት ከፈቱ፣ እጅ ሥራ ሠሩ፣ ግንብ ሠሩ። የቶቦልን ወንዝ አፍ ከከተማው ለማራቅም ቦይ አስቆፈሯቸው። አንዱ መኮንን ሽትራለንበርግ በምርኮ ዓመታቱ አገሩን ሲያጠና ቆይቶ፣ ነፃ ወጥቶ ከተመለሰ በኋላ በ1730 መጽሐፍና ካርታ አሳተመ። አውሮፓና እስያ የሚለያዩት በኡራል ነው የሚለውን ሐሳብ ካስፋፉት አንዱ እሱ ነው። ትምህርት ቤት የሸመደድነው የአህጉር ድንበር በከፊል የአንድ እስረኛ ሥራ መሆኑን እዚያው ግንቡ ሥር ቆሞ ማሰብ ይጥማል።

ግንባታውን ያዘዘው ማትቬይ ጋጋሪን ነው፣ የሳይቤሪያ የመጀመሪያው ጠቅላይ ገዥ። በሀብት የናጠጠ ነበር። ከመንግሥት ካዝና ሰርቀሃል ተባለና በ1721 ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ተሰቀለ። ጴጥሮስ በ1714 ከሴንት ፒተርስበርግ ውጭ በድንጋይ መገንባትን ከልክሎ ስለነበር የሬሜዞቭ ትልቁ ዕቅድም ሳይፈጸም ቀረ። ክሬምሊኑን ስታዩ አንዳንዱ ነገር የተቋረጠ የሚመስላችሁ ለዚህ ነው።

የገዥው ቤተ መንግሥት ሙዚየም ስለ አስተዳደር ታሪክ ነው፤ ከልጆች ጋር ከሆናችሁ ቶሎ እለፉት። ጎስቲኒ ድቮር የሚባለውን የ1700ዎቹ መጀመሪያ የንግድ ግቢ ከውጭ አይታችሁ ብታልፉ ብዙ አይጎድልባችሁም። ጊዜያችሁን ለእስር ቤቱ አቆዩት።

እስር ቤቱ

ከክሬምሊኑ አጠገብ ነው። በ1855 ተሠርቶ እስከ 1989 ሠርቷል። አሁን ሙዚየም ነው። ክፍሎቹን፣ ግድግዳ ላይ የተጫረውን፣ መመላለሻ ግቢውን ታያላችሁ። በስታሊን ዘመን፣ በተለይ በ1937 እዚህ ግቢ ውስጥ ብዙ ሰው ተረሽኗል፤ ስለዚህ እጅ በካቴና አስገብቶ እየሳቁ ፎቶ መነሳት ይቅርባችሁ። የሚነሳ አይጠፋም፣ እናንተ ተዉት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ዶስቶየቭስኪ እዚህ ታስሮ ነበር ሲሏችሁ ሕንጻው ይህ ነው ማለት አይደለም። እሱ በዚህ ያለፈው በጥር 1850 ነው፣ ይህ እስር ቤት ገና ሳይጠናቀቅ፤ ወደ ኦምስክ ሲነዳ በመሸጋገሪያው እስር ቤት ጥቂት ቀን ነው የቆየው። ግን የሆነው ነገር ትልቅ ነው። ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት ባሎቻቸውን ተከትለው ሳይቤሪያ የገቡ የዲሴምብሪስቶች ሚስቶች ጠባቂ አግባብተው አገኙት፣ መረቁት፣ ወንጌል ሰጡት። በወንጌሉ ጥራዝ ውስጥ አሥር ሩብል ደብቀው ነበር። ያቺን ወንጌል እስኪሞት አልተለያትም።

ዲሴምብሪስቶች የሚባሉት በታኅሣሥ 1825 በሴንት ፒተርስበርግ በዛሩ ላይ የተነሱት መኳንንትና መኮንኖች ናቸው። አምስቱ ተሰቀሉ፣ ብዙዎቹ ሳይቤሪያ ተላኩ። የጉልበት ቅጣታቸውን ሲጨርሱ አንዳንዶቹ ቶቦልስክ እንዲኖሩ ተፈቀደላቸው። ስማቸውን ያዙ፣ መቃብሩ ጋ እንደገና ይመጣሉ።

ወደታች ስትወርዱ

በክሬምሊኑና በታችኛው ከተማ መካከል ያለው መንገድ ፕሪያምስኮይ ቭዝቮዝ ይባላል፣ 198 ደረጃ ያለው የእንጨት መወጣጫ ነው። ቀን ላይ ውረዱ፣ ጉልበታችሁን ለመመለሻው አስቀሩ። በበረዶ ጊዜ እጀታውን ሳትይዙ እንዳትሞክሩት።

ታችኛው ከተማ የእንጨት ቤቶች፣ የፈረሱ የነጋዴ ቤቶች፣ ብዙ ቤተ ክርስቲያኖች ነው። ውኃ ስለሚያጠቃው ብዙው ነገር አርጅቷል፤ አንዳንዱ መስኮት የለውም። አንዳንድ ጎብኚ ቆሽሿል ብሎ በፍጥነት ይመለሳል። እኔ ደግሞ ከታደሰው ክሬምሊን ይልቅ እዚህ መዞር ደስ ይለኛል፣ ከተማዋ ያልተቀባባችው እዚህ ነው። ለምን እንዲህ እንደቀረች ግልጽ ነው። በ1839 የምዕራብ ሳይቤሪያ አስተዳደር ወደ ኦምስክ ሄደ። ትልቁ መንገድ ወደ ደቡብ ዞረ። የሳይቤሪያው ባቡርም ሲዘረጋ ከደቡብ አለፈ፣ ቶቦልስክ ሐዲድ ያየችው በ1960ዎቹ ነው። ባቡር ያለፈው ከተማ ያድጋል፣ አሮጌውንም ያፈርሳል፤ ቶቦልስክን ድህነቷ ጠበቃት።

ሜንዴሌቭን ታውቁታላችሁ፣ ኬሚስትሪ ክፍል ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ የሠራውን። በ1834 የተወለደው እዚህ ነው። አባቱ ጂምናዚየም የሚሉት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበር፣ ዓይኑ ታመመና ሥራውን ተወ። እናቱ የመስታወት ፋብሪካ እያሠራች ቤቱን ያዘች። ፋብሪካው ተቃጠለ። እሷም ልጇን ይዛ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዛ ሴንት ፒተርስበርግ አስገባችው፣ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ከእህቶቹ አንዷ ዲሴምብሪስት ነው ያገባችው። ግዞተኞቹ በከተማዋ ቤቶች ውስጥ እንግዳ ብቻ አልነበሩም።

የሮማኖቮች ቤት የታችኛው ከተማ ዋና መስህብ ነው፤ ድሮ የገዥው መኖሪያ ነበር፣ ከ2018 ጀምሮ የዳግማዊ ኒኮላይ ቤተሰብ ሙዚየም ሆኗል። ዛሩ በ1917 ዙፋኑን ከለቀቀ በኋላ ጊዜያዊው መንግሥት ቤተሰቡን ወደዚህ ላከ። በነሐሴ በመርከብ ደረሱ፤ ቤቱ ስላልተዘጋጀ ብዙ ቀን መርከቡ ላይ ነው ያደሩት። በዚያ ክረምት ዛሩ እንጨት ይሰነጥቅ ነበር፣ ልጆቹ የበረዶ ኮረብታ ሠርተው ይንሸራተቱ ነበር፣ ወታደሮቹም አፈረሱባቸው። በሚያዝያ 1918 ወላጆቹና ሴት ልጃቸው ማሪያ፣ በግንቦት የታመመው ልጃቸው አሌክሲና ሌሎቹ ሦስት እህቶቹ ወደ የካተሪንበርግ ተወሰዱ። በሐምሌ ሁሉም ተገደሉ። ክፍሎቹ ትንንሽ ስለሆኑ በቡድን ሲገባ ይጨናነቃል፤ ከሰዓት በኋላ ዘግየት ብላችሁ ግቡ። አብዛኛው ጽሑፍ በሩሲያኛ ነው፣ የስልክ ካሜራ ትርጉም ይበቃችኋል። ሶቪየት ኅብረት የተማረ አጎት ያላችሁ ደግሞ በቪዲዮ ደውሉለት፣ ያነብላችኋል፣ ምናልባትም ሳያቆም።

ከ1918 በፊት ያለ ቀን ሁለት ሁለት ሆኖ ተጽፎ ብታዩ አትደናገጡ፣ አንዱ አሮጌው አንዱ አዲሱ አቆጣጠር ነው። ለእኛ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሌላ፦ ሙዚየሞች ብዙውን ጊዜ ሰኞ ዝግ ናቸው፤ ሰኞን ለመንገድ ተዉት።

ዛቫልኖዬ መቃብርና ሃኒባል

ወደ ላይኛው ከተማ ተመለሱና በሁለተኛው ቀን ዛቫልኖዬ መቃብር ሂዱ። ክፍያ የለውም፣ ጥላው ጥሩ ነው። የዲሴምብሪስቶች መቃብሮች እዚህ አሉ። ከመካከላቸው የቪልሄልም ኪውኸልቤከርን ፈልጉ፣ በ1846 እዚሁ ቶቦልስክ የሞተ ገጣሚ። የፑሽኪን የትምህርት ቤት ጓደኛ ነበር። ሁለቱ አብረው አደጉ፣ አብረው ግጥም ጻፉ፤ አንዱ ዝነኛ ሆነ፣ አንዱ በዓመፁ ምክንያት ምሽግ ውስጥ ታስሮ፣ ሳይቤሪያ ተግዞ፣ ዓይኑ ጠፍቶ እዚህ አረፈ።

አዲስ አበባ ላይ ፑሽኪን አደባባይ ያለን ሰዎች ፑሽኪን ሲነሳ ጆሯችን ይቆማል። ቶቦልስክ ደግሞ ከኪውኸልቤከር በፊት የፑሽኪንን ቅድመ አያት አይታለች፦ አብራም ሃኒባልን። ከቁስጥንጥንያ ወደ ታላቁ ጴጥሮስ ቤተ መንግሥት የተወሰደ አፍሪካዊ ልጅ ነው። ጴጥሮስ ክርስትና አነሳው፣ ፈረንሳይ ልኮ ምህንድስና አስተማረው። ጴጥሮስ በ1725 ሲሞት ግን ጠባቂ አጣ። በ1727 ኃያሉ ሜንሺኮቭ መጀመሪያ ካዛን፣ ከዚያ ቶቦልስክ፣ ከዚያም እስከ ቻይና ድንበር ሴሌንጊንስክ ድረስ ላከው፤ ወረቀቱ ላይ የምሽግ ሥራ ነው፣ በተግባር ግዞት ነው። ትውልዱ አቢሲኒያ ነው ሲባል ኖሯል፤ ከቻድ ሐይቅ በስተደቡብ ካለችው ሎጎኔ ነው የሚሉ ተመራማሪዎችም ጠንካራ ማስረጃ አላቸው። ክርክሩን ለሌላ ቀን።

ደስ የሚለው የዚህ ታሪክ ክፍል ሌላ ነው። ሜንሺኮቭ በዚያው ዓመት ወደቀ። በ1728 እሱ ራሱ ከነልጆቹ በዚችው በቶቦልስክ በኩል ወደ ሰሜን ቤሬዞቭ ተነዳ፣ በቀጣዩ ዓመትም እዚያ ሞተ። ሃኒባል ተመልሶ ወጥቶ በኋላ ጄኔራል ሆነ። ይህን ታሪክ ለጓደኞቻችሁ የምትነግሩበት ጥሩ ቦታ ከክሬምሊኑ ግንብ ወደ ኢርቲሽ የሚያሳየው ገደል አፋፍ ነው፤ ሁለቱም ያለፉበት አገር ከፊታችሁ ተዘርግቶ ይታያል።

ምግብና ዕቃ

ፔልሜኒ ብሉ (ሥጋ የተሞላ የተቀቀለ ሊጥ ነው)፣ የወንዝ ዓሣ ሾርባም ብሉ። ጥሬ ሥጋ የለመደ ሆድ አለኝ ብላችሁ ግን ከገበያ የደረቀ ወይም ትንሽ ጨው የነካው የወንዝ ዓሣ እንዳትደፍሩ። የኦብና የኢርቲሽ ተፋሰስ በአንድ የጉበት ትል በዓለም የታወቀ ነው፣ ትሉም በተለይ በካርፕ ዘሮች በኩል ነው የሚተላለፈው። በደንብ የበሰለ ብቻ። በዐቢይ ጾም የምትሄዱ ከሆነ "ፖስትኖዬ" ያለው ምግብ ጠይቁ፣ የጾም ማለት ነው፤ እንጉዳይ፣ ጎመን፣ ድንች አይጠፋም። ዓሣ አንዳንዴ ሊኖርበት ስለሚችል ብቻ ደግማችሁ ጠይቁ።

የቶቦልስክ ዋና ዕቃ የአጥንት ቅርጻ ቅርጽ ነው፣ ከማሞት (ድሮ ከጠፋው ጠጉራም ዝሆን መሰል እንስሳ) ጥርስና ከአጋዘን ቀንድ። የማሞቱ ውድ ነው፣ ከአገር ለማውጣትም ወረቀት ሊጠየቅ ይችላል፤ ሱቁ ሰነድ ካልሰጣችሁ አትግዙ። አሜሪካ የምትኖሩ ደግሞ ኒው ዮርክና ካሊፎርኒያ የማሞት ጥርስ ሽያጭን እንደሚከለክሉ እወቁ። የቀንዱ ርካሽ ነው፣ ሥራውም ያንኑ ያህል ያምራል።

ጊዜ ከተረፈ

ከከተማዋ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አባላክ ገዳም አለ፣ በ1637 በተሳለች የእመቤታችን ሥዕል የታወቀ። ገደሉ ላይ ስለሆነ የኢርቲሽ እይታው ከቶቦልስክም ይበልጣል። አጠገቡ ለቱሪስት የተሠራ የእንጨት ምሽግ አለ፤ ልጆች ይወዱታል፣ ታሪክ የፈለገ ግን ይለፈው።

ወደ ትዩሜን በመኪና የምትመለሱ ከሆነ መንገዳችሁ በፖክሮቭስኮዬ በኩል ያልፋል፣ በዛሩ ቤተሰብ ዘንድ ተሰሚ የነበረው የራስፑቲን የትውልድ መንደር። ትንሽ የግል ሙዚየም አላት። ሮማኖቮችም ወደ ቶቦልስክ ሲወሰዱ መርከባቸው በዚች መንደር ፊት ለፊት ነው ያለፈው። ከሾፌሩ ጋር ስትስማሙ አንድ ሰዓት እዚያ መቆምን ዋጋው ውስጥ አስገቡ፤ መንገድ ላይ ከጠየቃችሁ ዋጋው ይጨምራል።